ኩፐር ብላክ ለዳቦ ቤት ታፔላ፦ እንግሊዝኛው ኩፍ አለ፣ አማርኛውን ምን ላድርገው?

ማለዳ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:15

ሰላም ቤተሰብ። ራስ ምታቴን ይዤላችሁ መጣሁ።

ሰፈራችን አዲስ ዳቦና ኬክ ቤት ሊከፈት ነው። ታፔላው፣ የኬክ ካርቶኑ፣ የወረቀት ከረጢቱና የሠራተኞቹ ሽርጥ ለእኔ ተሰጠ። ባለቤቷ ያዘዘችኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከአስፋልቱ ማዶ ይነበብ። ግን አይቆጣብኝ።» እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ብዬ ሦስት ቀጫጭን፣ ጫፋቸው በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ሎጎ ይዤላት ሄድኩ። አየት አደረገችና «ይሄ እኮ የባንክ ነው» አለችኝ።

እልህ ያዘኝና ስልኬ ላይ ያለውን ፎንት ሁሉ አሳየኋት። ኩፐር ብላክ ላይ ስንደርስ ጣቷ እዚያው ቀረ። ታውቁታላችሁ፣ ያ ወፍራሙ፣ ጫፉ ሁሉ የተድቦለቦለው። «ይሄ ኩፍ ብሏል» አለች። በቃ፣ ውሳኔው አለቀ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ፎንቱ ጊዜው አልፎበታል ወይስ ይሠራል? ሁለተኛው ይብሳል። ታፔላው በሁለት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛውን በኩፐር ብላክ ጻፍኩ፣ አማርኛውን ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ኒያላ በሚባለው ፎንት አድርጌ ከጎኑ ሳስቀምጠው ሁዳዴ የጾመ መሰለ። ላወፍረው ብዬ ዙሪያውን መስመር ጨመርኩበት። «ቤት» ላይ ያለችው ቤ ቀለበቷ ተደፈነና ድንች ሆነች። ምን ይሻላል?

አሽሟጣጩ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:40

ጊዜው አልፎበታል። በርገር ቤቱ እሱ፣ ቡና ቤቱ እሱ፣ የፀጉር ቅባቱ እሱ። ኢንስታግራም ላይ ሻማ የሚሸጥ ሁሉ እሱን ነው የለበሰው። ሌላ ፈልጊ።

ፊደል ለቃሚ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ልጄ ማለዳ፣ እሱን አትስሚው። ማርጀት ነውር ከሆነማ እኔም አለሁበት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት ሰው ነኝ። ፊደል በእጄ ከመሳቢያ እየለቀምኩ ነው ያደግኩት፤ ከእርሳስ ብረት ቀልጦ የሚሠራውን የማተሚያ ፊደል ማለቴ ነው። ስለዚህ ፊደል ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም፣ ታገሱኝ።

ኩፐር የሰው ስም ነው። ኦዝዋልድ ብሩስ ኩፐር ይባላል፣ ወዳጆቹ ኦዝ ይሉታል። በ1879 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ተወለደ፣ ካንሳስ አደገ፣ ከዚያ ሥዕል ሊማር ቺካጎ ገባ። እዚያ ያስተማረው ፍሬደሪክ ጉዲ ነው፣ በፊደል ሥራ ትልቅ ስም ያለው ሰው። ኦዝ በ1904 ከአንድ ሸሪኩ ጋር የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከፈተ። እንጀራው ለጋዜጣና ለመጽሔት ማስታወቂያ በእጁ ፊደል መሳል ነበር። የመጽሐፍ ሰው አልነበረም፣ የማስታወቂያ ሰው ነው። ይህን ያዢልኝ።

የእጁን ጽሕፈት ያየ ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የሚባል የቺካጎ የፊደል ማቅለጫ ቤት «በእርሳስ እናውጣው» አለው። መጀመሪያ በ1919 መደበኛው ኩፐር ወጣ። በ1922 ደግሞ ወፍራሙ፣ ኩፐር ብላክ። የእኛው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ብትቆጥሩት 1921 ላይ ይወድቃል። እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ዝምድና የላቸውም፣ ግን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ፊደሉ ሲወጣ ወግ አጥባቂ አታሚዎች አፍንጫቸውን ነፉበት። ገዢው ግን ተሻማበት። ኦዝ ራሱ ቀልደኛ ነበርና ይህን ፊደል የሠራሁት አርቀው ለሚያስቡ አታሚዎችና አርቀው ማየት ለተሳናቸው ደንበኞቻቸው ነው አለ ይባላል። ጉዱን ስሙት ደግሞ። በ1925 ተፎካካሪው ሞኖታይፕ ኩባንያ «ለእኛም እንደዚያ ያለ ወፍራም ሥራልን» ብሎ የሄደው ወደ ማን ነው? ወደ መምህሩ፣ ወደ ጉዲ። መምህር የተማሪውን አርዓያ ተከትሎ ሣለ።

አሽሟጣጩ ልጄ፣ አንተ የሰለቸህ ሰው ሁሉ ስለለበሰው ነው። ነጠላም ሰው ሁሉ ይለብሰዋል።

አሽሟጣጩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:35

ጋሼ፣ በነጠላ መጡብኝ፤ ምን እላለሁ።

ሳድስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ጋሼ ታሪኩን ስለጨረሱት እኔ ወደ ቅርጹ ልግባ። ለራሴ ደስታ የግዕዝ ፊደል እስላለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፎንት ሳልጨርስ የቆየሁ ሰነፍ ነኝ። ስለዚህ እንደ አዋቂ አትውሰዱኝ።

ሰሪፍ የምንለው በላቲን ፊደል እግርና ራስ ላይ የምትወጣዋን ትንሽ ጫማ ነው። በተለመደው ፊደል ጫማዋ ጠፍጣፋ ናት፣ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ኩፐር ብላክ ላይ ግን ጫማዋ ራሷ ክብ ናት፤ ሶሏ ወደ ታች ያበጠ ነው። በመላው ፊደል ውስጥ ሹል ማዕዘን ፈልጊ፣ አታገኚም ማለት ይቻላል። ለስላሳነቱ የሚመጣው ከውፍረቱ አይደለም። ወፍራም ሆኖ የሚያስፈራ ፊደል ሞልቷል፣ የጋዜጣ መርዶ የሚጻፍበትን አስቢ። ይሄኛው ወፍራም ነው፣ ግን የሚወጋ ነገር የለውም።

ሌላም አለ። አብዛኛው ፎንት ላይ የእንግሊዝኛዋ ኦ (O) ከኤች (H) በጥቂቱ ትረዝማለች፤ ከመስመሩ በታች ትንሽ ትወርዳለች፣ ከላይም ትንሽ ታልፋለች። ክብ ነገር እኩል ከተሠራ ለዓይን ስለሚያንስ ነው። ኩፐር ብላክ ላይ ግን የኤችም እግር ክብ ስለሆነ ሁሉም ፊደል ይወዛወዛል፣ የታችኛው መስመር የተሰመረ አይመስልም። ስለዚህ ፊደሎቹን ትንሽ ብታዛንፊያቸው እንኳ ዓይን አይቆጣም። የትንሿን ኦ የውስጥ ቀዳዳ ደግሞ እዪው፣ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል፣ ወንበር ላይ እንደተመቸው ሰው። የአይ (i) ነጥብም ክብ አይደለችም፣ ያዘነበለች እንቁላል ናት። ኦዝ በእጁ የጻፈበት ዘመን ትዝታ ነው ይሄ፤ ማስመሪያ አልነካውም።

የአማርኛውን ነገ እጽፋለሁ፣ እሱ ረጅም ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9:50

ከሜሪላንድ ነኝ፣ እዚህ ገና አመሻሽ ነው። ቲሸርትና ኮፍያ አትማለሁ፣ ጥልፍም እሠራለሁ። ጁላይ የኳስ ፌስቲቫላችን ሲደርስ እንቅልፍ የለኝም።

ኩፐር ብላክ እዚህ አገር የቲሸርት ፊደል ነው። በ1970ዎቹ ቲሸርት ላይ በካውያ የሚለጠፉ ፊደሎች ነበሩ፤ ሱቅ ገብተህ ስምህን ፊደል በፊደል ታስለጥፋለህ። ሳድስ ያልከው እዚህ ላይ ገባኝ። ልጁ አጣሞ ቢለጥፈውም አይታወቅበትም ነበር።

ከዚያ በፊት በ1966 የሙዚቃ ባንዱ የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» አልበም ሽፋን ላይ ወጥቷል፣ አረንጓዴ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው። በ1995 የተመሠረተው ኢዚጄት ደግሞ ነጭና ብርቱካናማ አውሮፕላኑ ላይ ጻፈበት። ርካሽ አየር መንገድ ነው፣ «ኑ፣ አትፍሩ፣ ለእናንተ ነው» ማለት ይፈልጋል። ቀጭን ሰሪፍ ቢያደርግበት ኖሮ ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ ይሸሽ ነበር።

ማለዳ፣ ለሽርጡ ጥልፍ ከሆነ አታመንቺ። ቀጭን ጫፍ ያለው ፊደል ክር ውስጥ ይጠፋል፣ አንድ ሁለት ስፌት ብቻ ይደርሰዋል። ኩፐር ብላክ ግን ይጠለፋል። የእንግሊዝኛዋ «ኢ» (e) ዓይን እንዳትደፈን ብቻ ፊደሉን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት ስጪው። የእኔ ልምድ ነው፣ ማሽንሽ ሊለይ ይችላል።

ፊደል ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:10

ስለ መጠጋጋቱ አንድ ቃል። በእርሳስ ዘመን ፊደሎችን እንዲያ ማጠጋጋት አንችልም ነበር። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ብረት ላይ ቆሞ ነው ያለው። ብረት ከብረት ከተገጠመ በኋላ ወዴት ይገፋል? ካልሞረድነው በቀር የትም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊደልን በብረት ሳይሆን በፎቶ መልቀም መጣ፣ ተፍቆ የሚለጠፈው የሌትራሴት ወረቀትም መጣ። ያኔ ፊደል ክብደቱን ጣለ። ይህ ወፍራም ፊደል ዳግም የተወለደው በዚያ ምክንያት ይመስለኛል። ተቃቅፎ ሲቆም ነው የሚያምረው።

ታፔላው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:30

ሰላም። እኔ መርካቶ ታፔላና ላይትቦክስ እሠራለሁ። ስለ ታሪኩ አላውቅም፣ ስለ መቁረጡ ልንገርሽ።

ስቲከር ከሆነ ክብ ጫፍ ያዋጣል። ስቲከር የሚላጠው ከሹል ጫፍ ነው። ፀሐይና አቧራ መጀመሪያ የሚያነሳው እዚያ ጋ ነው። በብረት ታጥፎ ውስጡ ኤልኢዲ የሚገባ ፊደል ከሆነም ወፍራም ነው የሚሻለው። ቀጭን እግር ውስጥ መብራት የት ይገባል?

ግን ማታ ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሬስቶራንት እንዲህ ያለ ወፍራም ፊደል ጥቁር ላይ ነጭ አድርጌ፣ ከኋላ አብርቼ ሰቀልኩ። ቀን ሲታይ ቆንጆ ነው። ማታ ብርሃኑ ፈሶ የፊደሉን ሆድ ሞላው። «ኤ»ው ክብ፣ «ኢ»ው ክብ፣ ሁሉም ክብ። ሰውየው ደወለልኝና «አንተ፣ እንቁላል ነው የሰቀልክብኝ?» አለኝ። አውርጄ በራሴ ወጪ ደገምኩት። ጥፋቱ የእኔው ነው፣ ማታ ሄጄ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ የሚበራ ከሆነ በፊደሎቹ መሃል ክፍተቱን አሰፋለሁ፣ ብርሃኑንም እቀንሳለሁ።

ደግሞ ዋጋ ዝርዝሩን በእሱ እንዳትጽፊው። ባለቤቷ ትጠይቅሻለች፣ እወቂ። ሁሉም ይጠይቃል። «ስለወደድኩት ስልክ ቁጥሩንም በእሱ አድርግልኝ» ይላሉ።

ማለዳ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:05

ሃሃ፣ ትናንት ማታ ጠየቀችኝ! ስልክ ቁጥሩን፣ ዋጋውን፣ «ትኩስ ዳቦ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ» የሚለውን ጭምር።

ፊደል ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

ለስሙ ብቻ ነው በያት። ይህ ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ይሸከማል። አንቀጽ ስትጭኚበት ገጹ ጭቃ ይሆናል። ኦዝ መደበኛውን ኩፐር መጀመሪያ የሠራው በከንቱ አይደለም፣ ዝርዝሩ በቀጭኑ ይነበባል።

ሳድስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:45

ቃሌን ላክብር። አማርኛው።

ማለዳ፣ መጀመሪያ ኒያላሽን ተዪው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፣ ለንባብ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ማወፈሪያውን ስትጫኚ ሌላ ወፍራም ፎንት አያመጣልሽም። ኮምፒውተሩ ራሱ ያንኑ ፊደል ያሳብጠዋል። አንቺ ዙሪያውን መስመር ስትጨምሪም ያደረግሽው ያንኑ ነው። ሲያሳብጥ ወደ ውጭም ወደ ውስጥም ነው፣ ለቀለበት አያዝንም።

የእኛ ፊደል ደግሞ ትንንሽ ነገር ላይ ነው ትርጉሙን ያስቀመጠው። ኃምስ በቀለበቷ ነው ኃምስ የምትባለው። ቤ፣ ኬ፣ ሴ፣ ቀለበቷ ከተደፈነ አንባቢው ይገምታል እንጂ አያነብም። ባ እና ቦን እዪ። የባ ቀኝ እግሯ ይረዝማል፣ የቦ ግራዋ። ከበ የሚለያቸው የአንድ እግር ማጠር ነው። ፊደሉ ሲያብጥ ያጠረው እግር ከረዘመው ጋር ሊስተካከል ይደርሳል። «ዳቦ» ብለሽ ጽፈሽ ከሩቅ «ዳበ» ይመስላል። ላቲኑ ይህ ችግር የለበትም፣ ቢወፍርም «ቢ» ያው «ቢ» ነው።

በትክክል የተሳለ ወፍራም ከፈለግሽ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባል ፎንት በነፃ አለ። ከቀጭኑ እስከ «ብላክ» ዘጠኝ ውፍረት አለው። ወፍራሙ ላይ የቀለበቷ ቀዳዳ ታስቦበት ተከፍቷል። ግን ጫፉ እንደ ኩፐር አይድቦለቦልም፣ ጠርዝ አለው። ከጎኑ ስታቆሚው አንዱ ትራስ፣ ሌላው ሣጥን ነው።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ልበልሽ፦ አማርኛውን አትንኪው፣ እንግሊዝኛውን ቀንሺው። ፍራውንሰስ የሚባል ነፃ ፎንት አለ። ኩፐርን፣ ዊንዘርና ሱቬኒር የሚባሉትንም የቆዩ ፎንቶች እያዩ የሠሩት ነው፣ ያው ቤተሰብ ነው። ውስጡ «ሶፍት» የሚል መቆጣጠሪያ አለ፣ ከ0 እስከ 100። ውፍረቱንም ለስላሳነቱንም ለየብቻ ታስተካክያለሽ። ከኖቶው ጋር እስኪስማማ ድረስ ወደ ታች አውርጂው።

ታፔላው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:10

ወንድሜ ሳድስ፣ ደንበኛዋ ኩፍ ያለውን ነው የወደደችው። አንተ ሊጡን እያሟሸሽክባት ነው።

ሳድስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:14

ልክ ነህ። ግን ሊጡን ያቦካው ፈረንጅ ሆኖ አማርኛው ደረቅ ቂጣ ሆኖ ቢቀርስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

ይሄ ነገር እኔንም ያናድደኛል። እዚህ ያሉ የሐበሻ ሬስቶራንቶች እንግሊዝኛቸው ሁሌ የተቆነጀ፣ አማርኛው ከታች ጥግ ላይ የተረሳ ነው። የራሳችን ፊደል እንግዳ ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ ላቲኑን ቆርጦ ገልብጦ ግዕዝ ያስመስለዋል። እሱስ ይብሳል።

ፊደል ለቃሚ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:55

ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ። እንቅልፍም የለኝ እንደሆነ።

ልጆች፣ ለስላሳ ወፍራም አማርኛ የለም ትላላችሁ እንዴ? ድሮ በቀለም ይጻፍ የነበረውን ታፔላ ረሳችሁት? ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ጠጅ ቤት። ሠዓሊው በክብ ብሩሽና በዘይት ቀለም ቆርቆሮ ላይ ይጽፍ ነበር። ብሩሹ ሲጀምርም ሲጨርስም ክብ ይተዋል፤ ሹል ማዕዘን ከፈለገ ተመልሶ መቀባት አለበት፣ ማን ይደክማል? ጽሑፉ ከማዶ እንዲነበብ ያወፍረዋል። የቤን ቀለበት ግን አይደፍናትም፣ አማርኛ አንባቢ ነዋ። ፊደሉ ሲወፍርበት ቀለበቷን ወደ ውጭ ገፋ ያደርጋታል፣ አተለቅ አድርጎ ያንጠለጥላታል። አጭሩን እግር ደግሞ የበለጠ ያሳጥረዋል፣ ከረጅሙ እንዲለይ።

ኦዝ ኩፐርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከእጁ የመጣውን አልከረከመውም። እናንተ የእሱን ፊደል ውፍረት ለክታችሁ ለአማርኛ ልታለብሱ ትሞክራላችሁ። የሱሪው ልክ ሳይሆን የሰፊው ዘዴ ነው የሚወሰደው።

የታፔላ ጸሐፊ ፈልጊ፣ ማለዳ። ጥቂት ቀርተዋል፣ ግን አሉ።

ሳድስ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:20

ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ያላሰብኩትን ነው የነገሩኝ። ቀለበቷን ወደ ውጭ መግፋት! እኔ እኮ ውስጧን ሳጠብብ ነበር።

አሽሟጣጩ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:00

አሁን ሁላችሁም አለቀሳችሁ። ጥያቄው የዳቦ ቤት ታፔላ ነበር። የእጅ ጽሕፈት ጊዜ ይወስዳል፣ ልጅቷ የማስረከቢያ ቀን አላት። ደግሞ ሠዓሊው የሚጽፈው ያቺን ሁለት ቃል ብቻ ነው። ነገ ባለቤቷ «ኬክ» የሚል ጨምሪ ስትል ኬ ከየት ይመጣል?

ታፔላው
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:25

መጀመሪያውኑ «ዳቦ፣ ኬክ፣ ቤት፣ ትኩስ» ብሎ አራቱንም እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ወረቀት ላይ በትልቁ። ስካን ታደርጊዋለሽ፣ ኮምፒውተር ላይ ዙሪያውን በመስመር ታወጪዋለሽ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ትቆርጪዋለሽ። እኛ ጋ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ብሩሻቸው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ።

ማለዳ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12:40

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሽማግሌው ጋ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ኩፐር ብላክን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ቆዩ። «ይሄ ሰው ብሩሽ ይዞ ያውቃል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ካርቶን ዘረጉና አራቱን ቃላት ጻፉ፣ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ሦስተኛው ዙር ከሁሉም ይበልጣል፣ እጃቸው ሞቆ ነበር መሰለኝ።

ማታ ስካን አድርጌ በመስመር አወጣሁት። ጠርዙን ላስተካክል ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ባስተካከልኩት ቁጥር እየሞተ ስለሄደ ተውኩት። የዳ ራስ ትንሽ ታዘነብላለች፣ እንዳለች ቀረች። እንግሊዝኛውን በኩፐር ብላክ አደረግኩት፣ ግን ከአማርኛው በታች፣ መጠኑ የአማርኛው ግማሽ። ከረጢቱ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥርና ሰዓት በተራ ቀጭን ፎንት አደረግኩት። እሷም ብዙ አልተከራከረችኝም። የታፔላውን መብራት ከፊት እንዲመጣ አድርገነዋል፣ ለእንቁላሉ ሥጋት።

ባለቤቷ ዛሬ አየችው። ዝም አለች። ዝም ስትል ደነገጥኩ። ከዚያ የቤን ቀለበት በጣቷ ነካችና «ይህቺን ቦምቦሊኖ ማን ነው የጨመረው?» አለችኝ።

ማንም አልጨመረም፣ ፊደሏ ናት አልኳት። አሁን ቀለበቷን ብቻዋን ስቲከር አድርጊልኝ፣ የካርቶኑ ክዳን ላይ ትለጠፍ እያለችኝ ነው።

ሳድስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:02

ፎቶ! ፎቶ ሳታሳዪን እንዳትተኚ።

ፊደል ለቃሚ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:30

ለሽማግሌው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሁለተኛውንና የመጀመሪያውን ዙር አትጣያቸው፣ ሳድስ ይፈልጋቸዋል። ከረጢቱ ሲታተምም አንድ አስቀምጪልኝ፣ ባዶም ቢሆን።

አሽሟጣጩ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:41

እሺ። ቦምቦሊኖው ስንት ነው?